መጽሐፉን ክፈቱልን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በከተማችን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ከሚገኘው የየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ መንደር ነው። በአንድ ማተሚያ ቤት የጥረዛ ክፍል 31 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው ወር በባህል ገጻችሁ ላይ ስለ አንድ የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ ያወጣችሁትን አጭር ዘገባ አንብቤ፣ ከአባዶ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ እስከ መሀል ከተማ በሁለት ታክሲ ተሳፍሬ ሄጄ አየሁት። ዘገባው ሪባኑን ማን እንደቆረጠና ማን ንግግር እንዳደረገ በሚገባ ነግሮን ነበር፤ መጻሕፍቱ እንዴት እንደተሠሩ ግን አንድም ቃል አልነበረበትም። ወደ አዳራሹ ከገባሁ በኋላ በዘጋቢው መፍረድ እንደማይገባኝ ተረዳሁ፤ እዚያም ቢሆን ይህን የሚያሳይ ነገር አልነበረምና።

የቀረቡት መጻሕፍት «የሠዓሊ መጽሐፍ» የሚባሉት ናቸው። ስያሜው ለብዙ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ላብራራ። ስለ ሥዕል የተጻፈ መጽሐፍ ማለት አይደለም፤ በሥዕል ያጌጠ መጽሐፍ ማለትም አይደለም። ሠዓሊው መጽሐፉን ራሱን እንደ አንድ የጥበብ ሥራ አስቦ፣ ወረቀቱን፣ አስተጣጠፉን፣ ስፌቱን፣ ሽፋኑንና አገላለጡን ሁሉ የሐሳቡ አካል አድርጎ የሚያዘጋጀው ነው። ዘርፉ በምዕራቡ ዓለም ራሱን የቻለ ስም ያገኘው በተለይ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ሲሆን፣ አሜሪካዊው ሠዓሊ ኤድ ሩሻ በ1963 እ.ኤ.አ. ሃያ ስድስት የነዳጅ ማደያዎችን ፎቶግራፍ አንሥቶ በ400 ቅጂ ያሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ዘወትር በምሳሌነት ይጠቀሳል። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ያንን በ50 ዓመት የሚቀድም ሥራ ነው። በ1913 እ.ኤ.አ. ሠዓሊቷ ሶንያ ደሎኔና ገጣሚው ብሌዝ ሳንድራር አንድ ረጅም ግጥም ከላይ እስከ ታች በቀለም አጅበው፣ እንደ አኮርዲዮን በሚታጠፍና ሲዘረጋ 2 ሜትር ያህል በሚሆን ወረቀት ላይ በፓሪስ አወጡ። ሊያትሙ ያሰቡት 150 ቅጂ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል የኤፍል ማማን ቁመት እንዲያህል ነበር።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ ወዲያው የታወሰኝ የእኛው ክታብ ነው። ቤተ ክርስቲያን ክታብን እንደምትነቅፍ ዐውቃለሁ፤ ስለ አስማቱም ለመሟገት አልተነሣሁም። ነገር ግን ደብተራው ብራናውን እየቀጣጠለ ሲያስረዝም የሚለካው በባለቤቱ ቁመት ነበር፤ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው ታስቦ ማለት ነው። የአንባቢውን ቁመት መለኪያ ያደረገ መጽሐፍ «የሠዓሊ መጽሐፍ» ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ብራናው እንደ ሰንሰለት እየታጠፈ የሚሠራው ሰንሱልም ከፓሪሱ ሥራ በመቶዎች ዓመታት የሚቀድም ዘመድ ነው። ከሠዓሊዎቻችን እነ እስክንድር ቦጎሲያንና ዘሪሁን የትምጌታ ከብራናና ከክታብ ብዙ እንደቀዱ ሥራቸውን ያየ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ወጣቶቹ ሠዓልያን ወደዚህ ሥራ መግባታቸው አስደስቶኛል እንጂ አልከፋኝም።

የከፋኝ ሌላ ነው። መጻሕፍቱ በሙሉ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነበሩ፤ ገሚሶቹ ተዘግተው፣ ገሚሶቹ ደግሞ አንድ ገጽ ላይ ተከፍተው ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዲት በሰንሱል መልክ የተሠራች መጽሐፍ ነበረች፤ እርሷም ታጥፋ እንደ ክብሪት ሣጥን ተቀምጣለች። ተረኛዋን ወጣት «እባክሽ የኔ ልጅ፣ ይህቺን አንድ ጊዜ ብትዘረጊልኝ» ብዬ ለመንኳት። በትሕትና «ይቅርታ አባቴ፣ መንካት ክልክል ነው፤ ቁልፉም እኔ ጋ የለም» አለችኝ። ልጅቱ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። ሆኖም ሥዕል በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሦስት እርምጃ ላይ ለቆመ ሰው ያለውን ሁሉ ያሳየዋል፤ መጽሐፍ ግን ቅጠል በቅጠል ካልተገለጠ በቀር ያለው እንዳለ ውስጡ ይቀራል። እኔ በዚያ ቀን ያየሁት ዐሥራ ሁለት ሽፋንና ሰባት ገጽ ነው።

ጠራዥ አንድ መጽሐፍ ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያየው ጽሑፉን አይደለም። ገልብጦ ጀርባውን ይመለከታል፤ ቀጥሎም መካከሉ ላይ ከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ይለቀዋል። ተዘርግቶ ከተኛ ደግ ነው፤ እንደ ወጥመድ ተመልሶ ጥርቅም ካለ አንድም ሙጫው በዝቶበታል፣ አንድም ወረቀቱ አቅጣጫውን ስቶ ተቆርጧል። ወረቀት እንደ እንጨት የክር አቅጣጫ አለውና ክሩ ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር ትይዩ መሄድ ይኖርበታል። ለመለየት ማሽን አያስፈልግም፤ ወረቀቱን በቁመትም በአግድምም ቀስ አድርጎ ማጠፍ ይበቃል፤ በአንዱ በኩል ይታዘዛል፣ በሌላው ይታገላል። ዛሬ በየመጻሕፍት መደብሩ የምንገዛቸው፣ ስፌት ሳይነካቸው ጀርባቸው ተልጦ በትኩስ ሙጫ የተጣበቁት መጻሕፍት በሁለተኛው ንባብ ቅጠላቸው የሚረግፈው ለምን እንደሆነ ለመግለጽ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አልፈዋለሁ።

የብራና መጻሕፍታችን በዚህ ፈተና አይወድቁም። ብራናው እየታጠፈ በአብዛኛው አራት ወይም አምስት ድርብ ቅጠል ያለው ጥራዝ ይሆናል። እያንዳንዱ ጥራዝ እጥፋቱ ላይ በወስፌ ይበሳና ከቀዳሚው ጋር በሰንሰለት ስፌት ይያያዛል፤ ቀዳዳዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ፣ ለየጥንዱም የራሱ ክር አለው። ያው ክር በእንጨቱ ገበታ ጠርዝ ላይ በተሠረሠረ ቀዳዳ ገብቶ ሽፋኑንም በዚያው ያስረዋል። ጀርባው ላይ ሙጫ አይገባም። በዚህ ምክንያት መጽሐፉ ሲከፈት እንደ ልቡ ይዘረጋል፤ ክሩ ከዘመን ብዛት ቢበጠስ እንኳ ቅጠሉ ሳይጎዳ ዳግመኛ መስፋት ይቻላል። በአውሮፓና በአሜሪካ የመጽሐፍ ሥራ የሚማሩ ሰዎች ይህን አሠራር የኢትዮጵያ ጥረዛ ብለው በየዎርክሾፑ ይለማመዱታል።

ገበታው ቆዳ ከለበሰ በኋላ ደግሞ የደጓሹ ተራ ነው። በእሳት ያሞቀውን የብረት ማተሚያ በቆዳው ላይ እየጫነ መስመሩን፣ ሐረጉንና በመካከል መስቀሉን ያወጣል። ወርቅም ቀለምም አይገባበትም፤ ጌጡ የሚታየው ብርሃን ከጎን ሲመታው፣ ይበልጥ ደግሞ በጣት ሲዳሰስ ነው። ከአናት በሚወርድ መብራት ሥር በመስታወት ውስጥ ስታስቀምጡት የጠቆረ ቆዳ ብቻ ይሆናል። ሽፋኑን ገልጦ ውስጡን ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያገኛል፤ ቆዳው ከየጎኑ ወደ ውስጥ ታጥፎ በተወው መስኮት ውስጥ፣ በአንዳንዶቹ መጻሕፍት፣ ቁራጭ ጨርቅ ተለጥፏል፤ አንዳንዴም ከባሕር ማዶ የመጣ ሐር ይሆናል። ያን ጨርቅ መጽሐፉን የከፈተ ካልሆነ ማንም አያየውም። የለጠፈውም ሰው ይህን ያውቅ ነበር።

በእርግጥ ሁሉም ነገር ይነካ አላልኩም። በዐድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በራዲዮ ካርቦን ምርመራ ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ዘመን ውስጥ የሚወድቁ መሆናቸው ታውቋል፤ የአንደኛው ሽፋንም እስከ ዛሬ ከመጽሐፉ ሳይለይ ከቆዩ የዓለም ጥንታዊ ሽፋኖች አንዱ እንደሆነ ይነገርለታል። እንዲህ ያለውን ቅርስ በእጅ እንዳስስ የሚል ጠራዥ ካለ ሙያውን አያውቅም። እኔ የምለው ስለ አዲሶቹ ነው። አምና የተሰፋ መጽሐፍ ሊነካ ካልቻለ መቼ ሊነካ ነው? ሠዓሊው እንዲገለጥ ብሎ በሠራው ነገር ላይ መስታወት መድፋት፣ ክራር ሠርቶ እንዳይመታ እንደ መከልከል ይቆጠራል። አንድ ቅጂ ብቻ ካለና ያሰጋል ከተባለ፣ በዚያው ልክና በዚያው ስፌት ባዶ ወረቀት ጠርዞ አጠገቡ ማኖር ይቻላል፤ ለአንድ ጥሩ ጠራዥ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ግልጥ ብሎ የተተወ፣ ቆዳ ያልለበሰ አንድ መጽሐፍ ደግሞ ጀርባውን ለተመልካች ሰጥቶ ቢቀመጥ ስፌቱን ሕፃን ልጅ እንኳ ይረዳዋል።

በየሣጥኑ ሥር ስለነበሩት ካርዶችም አንድ ቅሬታ አለኝ። የሠዓሊው ስም፣ የሥራው ርእስና ዓመቱ ተጽፏል። ወረቀቱ ከምን እንደሆነ፣ በምን ዓይነት ስፌት እንደተሰፋ፣ ማን እንደጠረዘው አልተጻፈም። ከመጻሕፍቱ ሁለቱ በሠዓሊው እጅ እንዳልተጠረዙ ከጠርዛቸው አቆራረጥ ለይቻለሁ፤ ያ ጥርት ያለ አቆራረጥ የማተሚያ ቤት መቁረጫ ማሽን ሥራ ነው፤ ማሽኑ ላይም ስም ያለው ሰው ቆሞ ነበር። እርግጥ ነው፣ ነገሩ የቆየ ነው። በብዙ የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ «ለዘጸሐፎ፣ ወለዘአጽሐፎ፣ ወለዘአንበቦ» እያለ ለጻፈው፣ ላጻፈውና ላነበበው፣ ለተረጎመውና ለሰማውም ጭምር ምሕረት የሚለምን ቃል አለ። የጠረዘው ግን የለም። ብዙ ጊዜ ጸሐፊውና ጠራዡ አንድ ሰው ስለነበሩ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

አሁን ወደ መንደሬ ልመለስ፤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነውና። በዓል በመጣ ማግስት በአባዶ የቆሻሻ ገንዳዎች ዙሪያ የበግና የፍየል ቆዳ ተጥሎ ይታያል። ድሮ ሰው ገና ቢላዋውን ሳያጥብ ቆዳ ገዢው በር ላይ ቆሞ «ቆዳ አለ?» ይል ነበር፤ ዛሬ ዋጋው ስለወደቀ የሚጠይቅም የለም። ባለፈው ገና ከጎረቤቴ አንድ የፍየል ቆዳ ለመንኩ። የበግ ቆዳ ስብ ስላለው ለብራና ፍየል ይመረጣል። በለገጣፎ መንገድ ባለ አንድ ደብር የሚያገለግሉ አንድ መሪጌታ በልጅነታቸው ብራና ፍቀው ያውቁ ስለነበር እየመጡ መሩኝ። ቆዳው በአውሮፓ እንደሚደረገው በኖራ አይነከርም፤ ውኃ፣ ጉልበትና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ሦስት ቀን ዘፍዝፌ፣ በሕንፃችን የጋራ መገልገያ ቤት ውስጥ በእንጨት ፍሬም ላይ በገመድ ወጠርኩት፤ በሥጋው በኩል ፋቅኩት፤ ከደረቀ በኋላ ጠጉሩን ላጨሁ። የሽታው ነገር ከሕንፃው ነዋሪዎች ጋር አንድ ስብሰባ አስጠርቶብኛል። ሁለት ቦታም በመፋቂያው ቀደድኩት፤ የተወጠረ ቆዳ ላይ ደግሞ ትንሿ ቀዳዳ እየተለጠጠች የዓይን ቅርጽ ይዛ ትቀራለች። መሪጌታ ቀዳዳዋን አይተው «ይህቺማ ደግ ናት፤ ትሰፋለህ፣ ጽሑፉም ዞሯት ይሄዳል» አሉኝ። በጥንት መጻሕፍት ላይ እንዲህ የተሰፉ ቀዳዳዎችን አይቼ ስለነበር አላፈርኩም። ቆዳውን በጣታቸው መታ እያደረጉ «እንደ ከበሮ ካልጮኸ ገና ነው» ይሉኝ ነበር፤ የጮኸው በዘጠነኛው ቀን ነው።

በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ሳይመጡ የቀሩበት ቀን አልነበረም። በተከታዮቹ ሳምንታት ከብራናው አንዲት ትንሽ ሰንሱል፣ ከቁርጥራጭ ወረቀት ደግሞ ለእያንዳንዳቸው ባለ ሰንሰለት ስፌት ደብተር ሠራን። ወስፌና የልብስ መርፌ፣ በሰም የተሸ ክር፣ ከብስኩት ካርቶን የተቆረጠ ሽፋን፤ ሌላ ነገር አላስፈለገንም። አንዷ ልጅ በደብተሯ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ከመስኮቷ የሚታየውን ያንኑ አንድ የግንባታ ክሬን በተለያየ ሰዓት ስለሳለችው፣ ገጹን ቶሎ ቶሎ ሲገልጡት ክሬኑ ይዞራል። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ መሀል ከተማ በመስታወት ውስጥ ካየኋቸው ከአንዳንዶቹም የሚያንስ አይደለም።

ስለዚህ በዐውደ ርዕዩ አዘጋጆችና በወጣቶቹ ሠዓልያን ዘንድ ይነበብ እንደሆነ ብዬ ይህን እጠይቃለሁ። የሚቀጥለውን ዐውደ ርዕይ ስታስቡ፣ ካቀረባችኋቸው መካከል የሚነኩትን ጥቂቶቹን ይዛችሁ ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ወደ ዳርቻው ውጡ። አባዶ ባይመቻችሁ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ጀሞ ሊሆን ይችላል፤ በነዚህ መንደሮች የሚኖረው ሰው ብዙው ለሁለትና ለሦስት ታክሲ ከፍሎ ልጆቹን ይዞ መሀል ከተማ አይወርድም። ጋዜጣችሁም ዘጋቢ ብትልኩ ሪባን የሚቆረጥበት ሥነ ሥርዓት አይኖርም፤ ጠራዡን ግን በስሙ ጠይቁልን። እኔ በበኩሌ አራት ወስፌ፣ ሁለት የአጥንት ማጠፊያ፣ አንድ የእንጨት መጭመቂያና እጄን አቀርባለሁ። የጋራ መገልገያ ቤታችን ቁልፍ ያለው ከሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ዘንድ ሲሆን፣ የሠርግ ድግስ ወይም ለቅሶ ከሌለ በቀር ቤቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ ጡረተኛ ጠራዥ
ከየካ አባዶ