ሕጉ ዝቅ ብሏል፤ ጭንቅላትስ የት ይግባ?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በስፖርት ገጻችሁ ስለ ራግቢ የወጣው ጽሑፍ፣ አማተር ተጫዋቾች ተጋጣሚያቸውን የሚይዙበት ከፍታ በሕግ ዝቅ መደረጉን አወድሷል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ ወገብ፣ እንግሊዝ ደግሞ በ2023 ከደረት አጥንት የታችኛው ጫፍ በታች ማውረዳቸው እኔንም ደስ አሰኝቶኛል። ነገር ግን ጽሑፉ ሕጉ ብቻውን ልጆቹን የሚያድን አስመስሎ ማለፉን፣ ታዳጊዎችን የማሠለጥን ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማንበብ አልቻልኩም።

በታክል ጊዜ፣ ማለትም ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ አቅፎ በመጣል ጊዜ፣ ጭንቅላቱ ላይ ጉዳት የሚደርስበት ብዙውን ጊዜ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ሳይሆን ሊጥለው የሚሄደው ነው። ዝቅ ማለት ከጭንቅላትና ከትከሻ ጋር ከመላተም ያድነዋል። ጭንቅላቱን በተሳሳተ ወገን ካስገባ ግን የሯጩ ጉልበት ወይም ዳሌ ይቀበለዋል። ስለዚህ ልጁ ከኃይል በፊት ማወቅ ያለበት ጭንቅላቱ የት እንደሚያርፍ ነው። ሯጩ በልጁ ቀኝ በኩል ሊያልፍ ሲል ልጁ በቀኝ ትከሻው ይገጥመዋል፤ ጉንጩ ከሯጩ መቀመጫ ጋር ይጣበቃል እንጂ ጭንቅላቱ በሯጩ ፊት በኩል አይሻገርም። ዓይኑ ክፍት፣ አገጩ ከደረቱ የተላቀቀ፣ ጀርባው ቀጥ ያለ ይሁን። መሬት መሬት የሚያይ ልጅ በአናቱ ነው የሚገባው! የቀኝ እግሩም ከሯጩ አጠገብ መርገጥ አለበት፤ እግሩ ርቆ ከቀረ ራሱን ወርውሮ ይደርሳል፣ ጭንቅላቱንም መቆጣጠር አይችልም። ከዚያ ሁለቱ እጆች አጥብቀው ያቅፋሉ።

ይህ በሩጫ አይጀመርም። በመጀመሪያ ሁለቱም ይንበረከካሉ፣ ቀጥሎ አንዱ ተንበርክኮ ሌላው በእርምጃ ያልፋል፣ ከዚያ ሁለቱም ይራመዳሉ፤ ሩጫ የመጨረሻው ነው። የሚወድቀውም ልጅ ኳሱን አቅፎ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ስቦ፣ እጁን ለድጋፍ ሳይዘረጋ በጎኑ መውደቅን አብሮ ይማር። የልምምድ ከረጢት ለትከሻ ጥሩ ነው። ሆኖም ቆሞ የሚጠብቅ ከረጢት በቀኝም በግራም አያልፍም፤ ልጁ ወገን መምረጥን ከእርሱ አይማርም።

በጣም የሚያናድደኝ ግን የታክል ልምምድን ወደ መጨረሻው ሰዓት የሚገፉ አሠልጣኞች ናቸው። ልጆቹ በሩጫ ዝለው፣ አንገታቸው ተዳክሞ፣ «ጠንከር አድርገህ ምታው!» እየተባሉ ይጋጫሉ። የደከመ ልጅ ጭንቅላቱን ይደፋል። ትምህርቱ ሰውነት ከሟሟቀ በኋላ፣ አእምሮም እግርም ትኩስ ሳለ መሰጠት አለበት። አጥብቆ የመታውን ልጅ ብቻ ማጨብጨብም ይቅር፤ ጭንቅላቱን በትክክለኛው ወገን ያስገባው ይመስገን።

ለወላጆችም አንድ ነገር ልበል። የጥርስ መከላከያ ጥርስን፣ ለስላሳው የራስ ቆብ ደግሞ ጆሮንና የራስ ቆዳን ይጠብቃሉ፤ የአንጎል መናወጥን ግን አያስቀሩም። መናወጥ የተጠረጠረበት ልጅ «ደህና ነኝ» ቢልም ወዲያው ይወጣል፣ በዚያን ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፣ ሐኪምም ያየዋል።

በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ አሠልጣኞችን ጠይቁልን፦ ታክል የምታስተምሩት በልምምዱ ስንተኛ ሰዓት ላይ ነው? ተንበርክከው ያልተለማመዱ ልጆችንስ ለግጥሚያ ታሰልፋላችሁ?

የታዳጊዎች ራግቢ አሠልጣኝ