ጉዳዩ፦ «አሳስቶኛል» ያልኩት «አጭበርብረኸኛል» ተብሎ ስለተተረጎመው ደብዳቤዬ

ለትርጉም ቢሮው ሥራ አስኪያጅ
ድሬዳዋ

ጤና ይስጥልኝ። ከፊራ ገበያ አካባቢ የልብስ ስፌት ሱቅ አለኝ። ባለፈው ወር አንድ ገጽ የአማርኛ ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ እንድትተረጉሙልኝ ከዚራ ሰፈር ወዳለው ቢሮአችሁ ይዤ መጥቼ ነበር። በማግስቱ ማኅተም ተመቶበት ተረከብኩ። ሒሳቡንም ያለ ክርክር ከፈልኩ። ዛሬ የምጽፈው በዚያ ትርጉም የተነሳ ከዕቃ አቅራቢዬ ጋር የነበረኝ የ11 ዓመት ደንበኝነት ስለፈረሰብኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስፌት መኪና የሚልክልኝ ዱባይ ያለ አንድ ነጋዴ ነው። ዘንድሮ በስልክ በላከልኝ ፎቶ ላይ መኪናው ከነጠረጴዛው፣ ከነሞተሩ፣ ከነመርገጫው ይታያል። ሳጥኑ ሲከፈት የወጣው ግን የመኪናው ራስ ብቻ ነው። ደንግጬ ፎቶውን መልሼ ሳየው፣ ከሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ ዋጋው ጠረጴዛውን ከነሞተሩና ከነመርገጫው እንደማይጨምር ተጽፏል። ሰውየው አልዋሸኝም። እኔም አላነበብኩም። ስለዚህ በአማርኛ የጻፍኩት ቃል በቃል ይህ ነበር፦ «ፎቶው አሳስቶኛል፤ ነገሩ ተምታቶብኛል። የጠረጴዛውን ዋጋ ብንካፈል ደስ ይለኛል።»

እናንተ «በፎቶው ቺት አድርገኸኛል» ብላችሁ ጻፋችሁት። «ተምታቶብኛል» ያልኩት ደግሞ «ይህ ፍሮድ ነው» ሆነ። አምታታኝና ተምታታብኝ አንድ ናቸው እንዴ? አንደኛው የሌላ ሰው ጥፋት ነው፣ ሁለተኛው የራሴ ግራ መጋባት።

ነጋዴው ሲጽፍልኝ ሁሌም «ሲስተር» ብሎ ነበር የሚጀምረው። የዚህኛው መልሱ «ማዳም» ብሎ ጀመረ። አጭር ነው፤ ሌባ ከሆንኩማ ሒሳባችንን እንዝጋ ይላል። በዱቤ ይልክልኝ የነበረውን ክርና ዚፕም አቆመ። ያን «ማዳም» ያነበብኩ ቀን መቀስ መያዝ አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ለአቤቱታ ቢሮአችሁ ስመጣ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ወጣት በትሕትና ነው ያናገረኝ፤ ይህን አልክድም። «አቦ እትዬ፣ ሁሉም ማታለል አይደል እንዴ?» አለኝና ስልኩ ላይ ያለውን መዝገበ ቃላት ከፈተ። «ዲሲቭ» ብሎ ጻፈ፤ አታለለ። «ቺት» ብሎ ጻፈ፤ አታለለ። «ትሪክ» ብሎ ጻፈ፤ እሱም አታለለ። እንዳየው ስልኩን ወደ እኔ አዞረልኝ። እውነቱን ነው፣ እዚያ ላይ ሁሉም አታለለ ነው። ስልክ ላይ ያለውንማ እኔም አላጣውም ነበር። ለሰው የከፈልኩት ሰው ከስልኩ ይሻላል ብዬ ነው።

የእህቴ ልጅ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። አንድ ምሽት ሙሉ ቃላቱን አንድ በአንድ ስታስረዳኝ አመሸን። ከዚያ በፊት ስሕተታችሁ ትንሽ መስሎኝ ነበር።

እኔ ያልኩት «ሚስሊድ» የሚሉትን ነው። ማሳሳት። ሰው ሆን ብሎም ያሳስታል፣ ሳያስበውም ያሳስታል። ፎቶም፣ የመንገድ ምልክትም ያሳስታል። «ዲሲቭ» ሲሆን ይከብዳል። እውነት ያልሆነውን እውነት ነው ብሎ ማሳመን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። ደግሞ ሰሚው ካላመነ «ዲሲቭ አደረግሁት» አይባልም። «ላይ» የሚሉት ውሸት ግን ሰሚው ቢያምንም ባያምንም ውሸት ነው። እውነቱን ከፊሉን ብቻ ተናግሮ፣ አንድም ቃል ሳይዋሹ ሰውን ማታለልም አለ። የእህቴ ልጅ ይህን ስትነግረኝ ልዩነቱ እንዴት ደቃቅ እንደሆነ ገባኝ።

«ቺት» ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ደንብ ጥሶ ወይም ሰውን በድሎ ያልተገባ ጥቅም ማግኘት አለበት። ተማሪ ፈተና ሲኮርጅ፣ ቁማርተኛ ካርታ ሲደብቅ፣ ባል ሚስቱ ላይ ሲወሰልት «ቺት» ይባላል። የቃሉ አመጣጥ ራሱ ክፉ ነው። በድሮ ጊዜ እንግሊዝ አገር ወራሽ የሌለውን ንብረት ለንጉሡ የሚሰበስቡ ሹሞች ነበሩ። ሥራው «ኤስቺት» ይባል ነበር። ሹሞቹ ሰውን እየበደሉ ስማቸው ስለጠፋ፣ ቃሉ አጥሮ ለማጭበርበር ቀረ። «ፍሮድ» ደግሞ ፍርድ ቤት የሚያቆም ቃል ነው፤ ገንዘብ ወይም ንብረት ለመውሰድ ሆን ተብሎ የተሠራ ማታለል። ሰውየው ጠበቃ ይዞ ቢመጣብኝ ምን ልመልስ ነበር?

«ዲሴፕቲቭ» ብትሉት እንኳ ይሻል ነበር። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መልክ ነው፤ ፎቶው ያሳስታል ማለት ነው፣ ሰውን እምብዛም አይነካም። ከእሱ ጋር የሚቀራረበው «ዲሲትፉል» ግን የሰው ጠባይ ነው፣ አታላይነት። ሁለቱን ያምታታ ተርጓሚ ፎቶ ወቀስኩ ብሎ ሰው ይሰድባል።

አማርኛችንስ ቢሆን መቼ ድሃ ነው? አሳሳተ፣ ሸነገለ፣ ሸወደ፣ አታለለ፣ ቀጠፈ፣ አጭበረበረ፣ ካደ እንላለን። ከፊራ ውስጥ ቲማቲም ሻጯ ጥሩ ጥሩውን ከላይ ደርድራ የፈረጠውን ከሥር ብትከትብን «ሸወደችኝ» ብለን ነገም ከእሷው እንገዛለን። «አጭበረበረችኝ» ያልናት ቀን ግን ፖሊስ ይጠራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ስለ ውል ሲናገር ስሕተትን ለብቻ፣ ተንኮልን ለብቻ ነው ያስቀመጠው። ወጣቱ ልዩነቱን በአማርኛ አያጣውም። ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ነው የጣለው።

አሁን የምጠይቀው ይህን ነው። ስሕተቱ የእናንተ መሆኑን የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ በቢሮአችሁ ማኅተም ጻፉልኝ፤ ለነጋዴው እኔው እልከዋለሁ። ደብዳቤዬንም በትክክል እንደገና ተርጉሙት። የከፈልኩትን ብር ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል፤ ግን ከሁሉም የምፈልገው ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ነው። ሌላው ደግሞ፣ አንድ ወረቀት ላይ ሰውን የሚከስስ ቃል ሲገጥማችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ባለጉዳዩን ደውላችሁ ጠይቁት። ስልኬ በቅጹ ላይ ነበር። አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

የአማርኛውን ዋና ቅጂ፣ የእናንተን ትርጉምና የነጋዴውን መልስ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። «አሳስቶኛል» የሚለውን በቀይ እስክርቢቶ አስምሬበታለሁ። እስከ መጪው ዓርብ መልሳችሁን እጠብቃለሁ። ነጋዴው ቀጣዩን ዕቃ የሚጭነው ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ ደብዳቤው ቀድሞ እንዲደርሰው እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የከፊራዋ ልብስ ሰፊ ደንበኛችሁ