ያ ፎቶ የተነሣበት እሑድ

ሮም፣ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ሰላምታውን ሳላበዛ ወደ ጉዳዬ የምገባው፣ ዕቃውንና ይህን ደብዳቤ ይዛልኝ የምትመጣው የሰፈራችን ሴት ከነገ ወዲያ ስለምትነሣ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ እንባዬ እየቀደመኝ ሁለት ጊዜ ዘግቼዋለሁ።

ባለፈው ረቡዕ በዚህ ወር የምትዳረው ሙሽራችን አምልጧት ነገረችኝ። እሑድ ሚያዝያ 26 ቀን ግፊትሽ ከፍ ብሎ ወድቀሽ እንደነበር፣ ሆስፒታል ሁለት ሌሊት አድረሽ እንደወጣሽ የሰማሁት ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው። «እንዳትጨነቂ ብለን ነው» አለችኝ። እኔም በዚሁ ምክንያት የደበቅኋችሁ ነገር ስላለ ልቆጣት አልቻልሁም። ነገር ግን በዚያው እሑድ ኮሎሲየም ፊት ለፊት ልጆቼን አቅፌ እየሳቅሁ የተነሣሁትን ፎቶ ልኬላችሁ ነበር። ወንድም ጋሼ «እናንተማ ተዝናኑ» ብሎ የጻፈልኝ ከአንቺ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ እንደነበር አሁን ገባኝ። ጋሼ፣ ደብዳቤውን የምታነብላት አንተ ነህና ይህችን አትዝለላት፤ አልተቀየምሁህም። የዚያን ቀን ውሏችንን ግን እማዬ እንዳለ እንድትሰማው እፈልጋለሁ።

ባለቤቴ የሚሠራው ምግብ ቤት ውስጥ ስለሆነ እሑድ ለእርሱ ከሁሉም የከበደ የሥራ ቀን ነው። ከገና ወዲህ አራታችንም አብረን የዋልንበት እሑድ ያ ብቻ ነበር፤ ከቤት የወጣነውም የሙሽራዪቱን ጫማ ለመግዛት ነው። እዚህ ፖርታ ፖርቴዜ የሚባል፣ እሑድ እሑድ ጠዋት የሚቆም ገበያ አለ። ከአሮጌ ልብስ እስከ አዲስ ድስት፣ ከሻንጣ እስከ መጋረጃ የሌለ ነገር የለም፤ ግፊያውና ጩኸቱ የእኛን ሰኞ ገበያ ያስታውሰኛል። ነጩን ጫማ እዚያ አገኘሁት፤ 37 ቁጥር፣ ተረከዙ ያልረዘመ፣ ስትጨፍር እንዳያደክማት። ሻጩ 35 ዩሮ አለኝ። አንቺ እንዳስተማርሽኝ ቆዳ መሆኑን አሽትቼ፣ ተረከዙን በአውራ ጣቴ ተጭኜ፣ ቦታው መልሼ አስቀምጬ ጀርባዬን ሰጥቼው ሄድሁ። ዐሥር እርምጃ ሳልራመድ ጠራኝና በ22 ዩሮ ሰጠኝ። ልጄ «እማ፣ ለምን ሄድሽ?» ብላ ስትጠይቀኝ «አያትሽ እንዲህ ነው የምትገዛው» አልኋት። ለአንቺም ፊት ለፊቱ በቁልፍ የሚዘጋ ሹራብ ገዝቻለሁ፤ በራስሽ ላይ ስታጠልቂው ክንድሽን እንዳያምሽ ብዬ ነው።

ከዚያ ድልድዩን ተሻግረን በእግራችን ሄድን። ምሳችንን ከቤት ይዘን ነበር፤ ውኃም አልገዛንም፤ በሮም በየመንገዱ ቀንና ሌሊት ንጹሕ ውኃ የሚፈስባቸው የብረት ቧንቧዎች አሉ። ልጆቹ የቧንቧውን አፍ በጣታቸው ሲደፍኑት ውኃው ከላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ ሰማይ ይወረወራል፤ ፎቶው ላይ የትንሿ ቀሚስ የረጠበው በዚህ ነው። ጋሼ «ልጅቷን ምን ነክቷት ነው?» ብሎ ነበርና መልሱ ይኸው።

ድሮ የፈረስ ሠረገላ ይሽቀዳደሙበት የነበረውን ሰፊ ሜዳ እንዳለፍን ፖርታ ካፔና የሚባለው አደባባይ አለ። የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረው ቦታ ይህ ነው። በወረራው ዘመን በ1929 ዓ.ም. ተጭኖ ወጥቶ፣ ለመመለስ ተፈርሞ እንኳ ስንት ዓመት ሲጓተት ኖሮ፣ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ሲገባ አባባ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቦ በቴሌቪዥን ያሳየን ትዝ ይልሻል? በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ሲቆም ግን እርሱ አልነበረም። አሁን በዚያ አደባባይ በኒው ዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ላይ በደረሰው ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ዓምዶች ቆመዋል። ልጄ ሐውልቱ 24 ሜትር ነው ስለው ሣሩ ላይ 24 ትልልቅ እርምጃ ቆጥሮ ተራመደና መጨረሻው ላይ ቆሞ እጁን አወዛወዘልኝ። አንቺ በልጅነትሽ ለኅዳር ጽዮን ሄደሽ፣ «ጣሊያን የወሰደው ከዚህ ነው» ብለው ያሳዩሽን ባዶ ቦታ ስትነግሪን ኖረሻል። እኔ ደግሞ የዚህን ባዶ ቦታ አየሁት፤ አጠገቤ ሆነሽ ያሳየሽኝ ያህል ነበር። ባለቤቴ ምን ሆነሽ ነው ቢለኝ አቧራ ነው አልሁት።

ኮሎሲየም የደረስነው ከዚያ በኋላ ነው። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ መግቢያው ነፃ ነው፤ ነገር ግን ጳጳሱ ፍራንቸስኮስ አርፈው አዲሱን ለመምረጥ ካርዲናሎቹ ሊሰበሰቡ ሦስት ቀን ቀርቶ ስለነበር ከተማው በሰው ተጨናንቆ፣ ሰልፉ ጫፉ አይታይም ነበር። ልጆቹም ደክሟቸው ስለነበር ሳንገባ አንድ መንገደኛ ለምነን ፎቶ አስነሣን። ጋሼ፣ ሽርሽራችን ያ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ካለው ፋርማሲ የደም ግፊት መለኪያ ገዛሁ። ስገዛው አንቺ የት እንደነበርሽ አላወቅሁም። ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ስሙ «የአምስት መቶዎቹ» ነው፤ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ለደመሰሷቸው ወታደሮች የተሰየመ መሆኑን ባለቤቴ ለልጆቹ ሲነግራቸው ባቡሩ ሊያመልጠን ነበር።

አሁን የደበቅሁሽን ልንገርሽ። የምጠብቃቸው አሮጊት በጥር አርፈዋል። አሁን በሰዓት እየተከፈለኝ ሦስት ቤት እሠራለሁ፤ በዚህ ወር የላክሁት ገንዘብ ያነሰው ስለዚህ እንጂ ጫማው ወይም ሽርሽሩ በልቶት አይደለም። ሥራ አላጣሁም፣ ልጆቼም አልጎደለባቸውም፣ በዚህ አትጨነቂ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አራት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የእኒያን ሴት ክንድ ይዤ ግፊታቸውን እየለካሁ በደብተር ስጽፍ ኖሬ፣ የአንቺ ስንት እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አላወቅሁም። «ደኅና ነኝ» ስትዪኝ ማመን ይቀለኝ ነበር።

ስለዚህ መለኪያውን ሣጥን ውስጥ አትደብቂው። ጠዋት ቡና ከመጠጣትሽ በፊት፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብለሽ ተቀምጠሽ፣ ክንድሽን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈሽ ሙሽራዪቱ ትለካልሽ፤ እርሷ ከሄደች በኋላ ደግሞ ጋሼ። ሁለቱንም ቁጥር ቀን መቁጠሪያው ላይ ጽፋችሁ በየሳምንቱ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ። የላይኛው ከ140 ካለፈ ለሐኪም ሳትነግሩ አትደሩ። ኪኒኑን ደኅና የሆንሽ ሲመስልሽ አታቋርጪ፤ ለድግሱ ወጥ ጨው የምትቀምሺውም አንቺ አትሁኚ፣ አክስቴ ትቅመስ።

ለግንቦት 24ቱ ሠርግ አለመምጣቴን ከአንድም ሁለት ጊዜ ይቅር ብለሽኛል፤ እኔ ግን ገና አልለመድሁትም። የአራት ሰው ቲኬት ቀርቶ የእኔ ብቻ እንኳ ቢሞላ፣ አዲሶቹ አሠሪዎች ፈቃድ አይሰጡኝም። ሙሽራዬ ጉልበትሽን ስማ ስትወጣ ስልኩን ጋሼ ከፍቶ ይያዝልኝ፤ እዚህ ገና ማለዳ ስለሚሆን ልጆቹን ቀስቅሼ እጠብቃለሁ። መስመሩ ቢቆራረጥም አትዝጉት።

ጫማው ከሹራቡ ሥር ነው። ቢጠባት ወፍራም ካልሲ አድርጋ ማታ ማታ ቤት ውስጥ ትራመድበት፤ ቢሰፋት ጫፉ ላይ ጥጥ አድርጊላት።

ናፋቂ ልጅሽ