ከበረዶው ማቀዝቀዣ አጠገብ ስላለችው ማሽን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ ስለ ክሪፕቶ፣ ማለትም እንደ ቢትኮይን ስላለው የኢንተርኔት ገንዘብ፣ የጻፉትን አነበብኩ። የአሜሪካ ስቴቶች እጃቸውን ከዚህ ጉዳይ ያውጡ ባይ ናቸው። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ2015 «ቢትላይሰንስ» የሚባለውን የክሪፕቶ ንግድ ፈቃድ አምጥታ ኩባንያዎቹን አስበረገገች፣ ዋዮሚንግ ግን በሯን ከፍታ ተጠቀመች ይላሉ። የኒውዮርኩን ነገር አልከራከራቸውም። የማመልከቻው ክፍያ ብቻ 5,000 ዶላር ነበር፤ እንደ ክራከን ያሉ የክሪፕቶ መገበያያ ኩባንያዎችም በዚያው ዓመት ጥለው ወጥተዋል። ዋዮሚንግም በ2019 ለዲጂታል ንብረት የሚሆን አዲስ ዓይነት ባንክ በሕግ ፈቅዳለች። ይሁን።

እኔ ግን ነገሩን የማየው ከካውንተር ጀርባ ቆሜ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ አንድ ጋዝ ስቴሽን የሌሊት ካሸር ነኝ። ከበረዶው ማቀዝቀዣ አጠገብ የቢትኮይን ኤቲኤም አለች። ብር ታጎርሷታለህ፣ ስልክ ላይ ያለውን ኮድ ታሳያታለህ፣ ብሩ ቢትኮይን ሆኖ ኮዱ ወደሚያመለክተው አድራሻ ይሄዳል። የአድራሻው ባለቤት አንተ ሁን ሌላ ሰው፣ ማሽኗ ግድ የላትም። ባለሱቁ በየወሩ የቦታ ኪራይ ይቀበላል።

በ2024 መኸር፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ አንዲት እናት ገቡ። ነጠላቸውን በካፖርቱ ላይ ጣል አድርገዋል። «እንደምን አመሹ እማማ?» አልኳቸው። በእጃቸው ብቻ ምልክት ሰጥተውኝ አለፉ። ስልኩ ጆሯቸው ላይ ነው። ከቦርሳቸው የባንክ ፖስታ አወጡና ማጉረስ ጀመሩ። ማሽኗ የተጨማደደ ብር አትወድም፣ መልሳ ትተፋዋለች። እሳቸው በመዳፋቸው ጭናቸው ላይ እያሹ ያስተካክሉና ደግመው ይሰጧታል። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ምንም አልጠረጠርኩም። ልጆቻቸው ጋ የሚልኩ መስሎኝ ሲጋራ ለሚገዛ ሰው ሒሳብ እሠራ ነበር።

ሁለት ሺህ ዶላር ላይ ማሽኗ እምቢ አለች። እማማ ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ይቺ ነገር ተበላሸች እንዴ?» ፖስታው ውስጥ ገና አራት ሺህ አለ።

አልተበላሸችም። ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ የሚኒሶታ ሕግ አዲስ ደንበኛ በቀን ከ2,000 ዶላር በላይ እንዳያስገባ ይከለክላል። ያቺ እምቢታ ናት ያዳነቻቸው። «ስልኩ ላይ ማነው?» አልኳቸው። «የመንግሥት ሰው ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬን ሌቦች ወስደውታል፤ ገንዘቤን እሱ ያስቀምጥልኛል።» ለካሸሩ እንዳትናገሪ ብሏቸው ነበር። ስልኩን ተቀብዬ «ሃሎ» ስል ዘጋው።

ማሽኗ እኮ ታስጠነቅቃለች። ገና ሲጀመር ስለ አጭበርባሪዎች የሚናገር ጽሑፍ ታሳያለች፤ ሕጉም ያዛል። ግን በእንግሊዝኛ ነው። እማማ እንግሊዝኛ ይሰማሉ፣ ማንበቡ ግን ይከብዳቸዋል። ታዲያ ጽሑፉን ማን ነገራቸው? ሌባው ራሱ! «ከታች ያለውን ተጫኚ» አላቸው፣ ተጫኑ።

ሕጉ ሌላም ነገር አለው። አዲስ ደንበኛ የሚባለው ደንበኛ ከሆነ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ ያለ ሰው ነው። በነዚያ ሰዓታት የተጭበረበረ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ለፖሊስም ለማሽኑ ኩባንያም ካመለከተ ሙሉ ገንዘቡ ይመለስለታል። እኛም በዚያው ሌሊት ፖሊስ ጠራን። ኩባንያው ዛሬ ነገ እያለ፣ አንዴ ደረሰኝ አንዴ መታወቂያ አምጡ እያለ አንገላታን። የሆነ ሆኖ ከሰባት ሳምንት በኋላ ቼኩ መጣ።

የአጎቴ ልጅ ግን በጊዜው እንዲህ ያለ ሕግ ባልነበረው ሌላ ስቴት ነው የሚኖረው። በአንድ ምሽት ዘጠኝ ሺህ ዶላር አጎረሰ። ያቆመው የለም። ፖሊሱ ኮምፒውተር ከፍቶ ብሎክቼይን የሚባለውን፣ የቢትኮይን ዝውውር ሁሉ ለሁሉም በሚታይ መልኩ የሚጻፍበትን መዝገብ፣ አሳየው፤ ገንዘቡ ከየትኛው አድራሻ ወደ የትኛው እንደሄደ፣ በስንት ሰዓት እንደሄደ፣ ሁሉም ተጽፏል። ይታያል፣ አይነካም። ኩባንያውም «አንዴ ከሄደ ሄደ» ብሎ ፋይሉን ዘጋ። ያው ማሽን፣ ያው ተንኮል፣ ልዩነቱ የስቴቱ ድንበር ብቻ።

እኚያ አንባቢ የኒው ሃምፕሸር ስቴት በ2025 የሕዝብ ገንዘብ በቢትኮይን እንዲቀመጥ የሚፈቅድ ሕግ ማውጣቷን በአድናቆት አንስተዋል። ከፈለገች ትግዛ። እኔን የሚያሳስበኝ የማጉረሻው ቀዳዳ ነው። ኤፍቢአይ በ2024 ብቻ በእነዚህ ማሽኖች ጉዳይ ወደ 11 ሺህ የሚጠጋ አቤቱታ ደርሶታል፤ የጠፋው ከ246 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ካሊፎርኒያ የቀኑን ጣሪያ 1,000 ዶላር አድርጋለች። እኔን ብትጠይቁኝ የኛም ሁለት ሺህ በዝቷል። ደግሞ 72 ሰዓት ምን ያህል ነው? ሌባው ታጋሽ ከሆነ በአራተኛው ቀን «ነባር ደንበኛ» ያደርግሃል፤ ያኔ ሙሉውን የማስመለስ መብት የለህም።

እባካችሁ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፣ 72 ሰዓትና 14 ቀን፣ በትልቁ አውጡልን። ወገኖቻችን ስለሚያፍሩ ለልጆቻቸው እንኳ አይናገሩም። ዝም ሲሉ ቀኑ ያልፋል።

እኔ በበኩሌ «ስልክ ላይ ያለው ሰው ብር አስገቢ ካለሽ ሌባ ነው፤ መጀመሪያ ካሸሩን ጠይቂ» ብዬ በአማርኛ ጽፌ ማሽኗ ላይ ለጥፌ ነበር። ብሩን ሊሰበስብ የሚመጣው ሰውዬ ቀደደው። ሌላ ለጠፍኩ፣ እሱንም ቀደደው። ሦስተኛውን ከማሽኗ ላይ ሳይሆን በረዶው ማቀዝቀዣ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። እሱ የባለሱቁ ስለሆነ መንካት አይችልም። ፎቶውን አያይዤ ልኬላችኋለሁ። የእጅ ጽሑፌ አያምርም፣ በእናንተ ፊደል ጻፉት።

የሌሊቱ ካሸር
ከሚኒሶታ