ልጄ፣ ብረቱን ለምን እንዳልተውኩት

አሰላሙ አለይኩም የኔ ልጅ፣ እንዴት ነሽ፣ ሥራ እንዴት ይዞሻል። እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። የላክሽውን ቮይስ ደጋግሜ ሰማሁት፣ "አባ በአላህ ይዤሃለሁ ጂም ሄደህ ብረት ማንሳቱን ተወው" ያልሽው ሆዴ ውስጥ ቀረ። በስልክ እንዳልነግርሽ እናትሽ መሀል እየገባች አታስወራንም፣ ስለዚህ ልፃፍልሽ ብዬ ነው፣ እሱንም በየመሀሉ እየተነሳሁ እየተንጎራደድኩ፣ ብዙ መቀመጥ አሁንም አይስማማኝም።

መጀመሪያ ወገቤን ምን እንደሆንኩ በደንብ ልንገርሽ። በአከርካሪ አጥንቶች መሀል እንደ ትራስ ሆኖ የተቀመጠ ዲስክ አለ፣ ውጪው ጠንካራ ውስጡ ለስላሳ። የኔ የመጨረሻው የታችኛው ነው ተቀዶ ውስጡ ያለው ወደ ኋላ ወጥቶ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ የተጫነው፣ አብዛኛው ሰው ላይም ችግሩ የሚመጣው ታች ባሉት ሁለቱ ዲስኮች ነው። ለዛ ነው ከወገቤ ይልቅ እግሬ ያሰቃየኝ፣ ከቂጤ ተነስቶ በባቴ ወርዶ እስከ ተረከዜና እስከ ትንሿ ጣቴ ይነዝረኝ ነበር፣ በቀኝ እግሬ ጣቶች ብቻ ልቁም ብል ተረከዜ ከመሬት አልነሳ አለኝ። ያ ከሁሉም ያስፈራኝ ነገር ነበር እውነቱን ለመናገር።

ያኔ ሰው ሁሉ ሀኪም ሆነ። አክስትሽ ወጌሻ ካልጠራሁ ብላ ነበር፣ አመሰግናታለሁ ግን ነርቭ የተጫነ ወገብ ላይ ወጥቶ ማንም አይረግጥብኝም አልኳት። የወጣ ዲስክ አይድንም የሚሉትም ትክክል አይደሉም፣ የወጣውን ነገር ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ እየበላ ያሳንሰዋል፣ በተለይ ጭራሽ አፈትልኮ የወጣውን፣ አብዛኛው ሰውም ያለ ኦፕራሲዮን በሳምንታትና በወራት ይሻለዋል። ኤምአርአዩን አይተሽ እንደደነገጥሽ አውቃለሁ፣ ግን በፈረንጆቹ 2015 የታተመ ብዙ ጥናቶችን የሰበሰበ ጽሁፍ አለ፣ ምንም ህመም ከሌላቸው የ50 ዓመት ሰዎች ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ ኤምአርአይ ወይ ሲቲ ሲነሱ ያበጠ ዲስክ ይታይባቸዋል ይላል። ስለዚህ እኔን የምታይኝ በምስሉ አይሁን፣ ስራመድ አይተሽ ፍረጂ።

አሁን ወደ ብረቱ። አንቺ ያልሽው ተወውና ተቀመጥ ነው፣ እሺ ልተወው፣ ግን ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ማን ያነሳል? ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን እኮ 20 ኪሎ ነው። የጤፉስ ጆንያ፣ የጎረቤት ልጅ እየሮጠ መጥቶ ሲንጠለጠልብኝስ? ከወለል ላይ ዕቃ ማንሳት ጂም ብቀርም አይቀርልኝም፣ የሚለየው አቅም ይዤ ነው ወይስ ሳልይዝ የማነሳው የሚለው ነው። ደሞ ዲስክ የራሱ ደም ስር የለውም ማለት ይቻላል፣ ምግቡን የሚያገኘው ከአጠገቡ ካሉት አጥንቶች እየሰረገ ነው፣ መንቀሳቀስ ደሞ ይጠቅመዋል፣ ጋደም ብሎ መክረም ግን ጡንቻ ያቀልጣል፣ የቀኝ ባቴ ከግራው ቀጥኖ በአይን ይታይ ነበር እኮ፣ እናትሽን ጠይቂያት።

የተመለስኩት ግን በፊት አነሳው ወደነበረው ኪሎ አይደለም፣ እሱን እርግጠኛ ሁኚ። የጀመርኩት በእግር መንገድ ነው፣ ሜዳ ሜዳውን፣ የጅሬን ዳገት ቆይቶ ነው የመጣው። ከዛ ፊዚዮቴራፒስቷ ሦስት ነገር ሰጠችኝ፣ በአራት እግር ሆኖ ተቃራኒ እጅና እግር መዘርጋት፣ በጎን ፕላንክ ማለት በጎን ሆኖ በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ እና በጀርባ ተኝቶ ጭንቅላትና ትከሻን ትንሽ ብቻ ከፍ ማድረግ፣ ሲትአፕ የሚባለውን፣ በጀርባ ተኝቶ እስከ መቀመጥ ቀና የሚባለውን፣ ሙሉ በሙሉ ከለከለችኝ ምክንያቱም ወገብን እየደጋገመ ያጥፋል። እነዚህ ሦስቱ ስቱዋርት ማክጊል የሚባል የወገብ ነገር ሲያጠና የኖረ ካናዳዊ ፕሮፌሰር ያስፋፋቸው ናቸው። ቀጥሎ የመጥረጊያ እንጨት ጀርባዬ ላይ ይዤ ጭንቅላቴን፣ የትከሻዬን መሀልና ጭራ አጥንቴን ሳይለቅ ከዳሌ ማጠፍ፣ ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ለኔ ከሁሉም ከባዱ ትምህርት ነበር፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከወገብ ነበር የምታጠፈው፣ እዚህ ሰው ሁሉ እንደዛው ነው፣ ከዳሌ ታጠፉ ያለን የለም። እሱ ሲገባኝ ደምበል ደረቴ ላይ አቅፌ ስኳት፣ ማለት ቁጭ ብድግ፣ ከዛ ባዶውን ባር 20 ኪሎ፣ እሱም ከመሬት ሳይሆን ከፍ ካለ ነገር ላይ፣ ባሩ ከእግሬ ሳይርቅ፣ ምክንያቱም ክብደት ከሰውነት በራቀ ቁጥር ወገብ ላይ የሚያርፈው ጫና ይበዛል። አሁን 60 ኪሎ ላይ ነኝ፣ ማለት አንድ ጆንያ ኤክስፖርት ቡና። እዛ ላይ ብዙ ልቆይ እችላለሁ፣ የሚያጣድፈኝ የለም።

ጠዋት አላነሳም፣ ይሄንን እናትሽም አታውቀውም። ሌሊት ተኝተን ዲስኩ ውሃ ስቦ ያብጣል፣ ጠዋት በተነሳን የመጀመሪያው ሰዓት ስናጎነብስ ጫናው ይብሳል፣ ስለዚህ ጂሙን ከአስር ሰላት በኋላ አደረግኩት። የሱብሂን ሰላት ግን ወደ ማታ ማዞር አይቻልም፣ ዲናችን ለታመመ አግርቶለት የለ፣ ለረጅም ጊዜ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የሰገድኩት። ሱጁድ መልሼ የወረድኩ ቀን ልጄ ግንባሬን ከመሬት ማንሳት አቃተኝ፣ ከህመም አይደለም፣ ከሹክር ነው፣ ከምስጋና። ስለ ብረቱ ስታስቢ ይሄንንም አብረሽ አስቢልኝ፣ ያንን ጉልበት የመለሰልኝ ከአላህ በታች ያ ሥልጠና ነው።

እንዴት ታውቃለህ በዛ ቢሆን ካልሽኝ፣ ዳኛዬ እግሬ ነው። ሰርቼ በማግስቱ ወገቤ ትንሽ ቢደክም ምንም አይደለም፣ ህመሙ ወደ ታች ወደ እግሬ ከወረደ ግን በዝቷል ማለት ነው፣ ኪሎ እቀንሳለሁ። ከእግር ወጥቶ ወደ ወገብ ከተሰበሰበ ጥሩ ምልክት ነው። በእግሮቼ መሀል መደንዘዝ፣ ሽንት አልወጣ ማለት ወይ ማምለጥ፣ እግሬ እየሰነፈ መሄድ፣ እነዚህ ከመጡ ግን ነገ እየተባለ የሚቆይ አይደለም፣ በዛው ሰዓት ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው የምሄደው፣ ለወንድምሽም ነግሬዋለሁ፣ ሌሊትም ቢሆን። በዚህ ቃል እገባልሻለሁ።

ከመንገዱ ይልቅ ባጃጁ ነው የሚያስቸግረኝ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ሲያንገጫግጨኝ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ከፈረንጅ አራዳ እስከ ቤት ሰው ሁሉ ያውቀኛል አሁን።

ለኢድ ኢንሻአላህ እኔ ነኝ የምመጣው። አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ መቀመጥ ስለሆነ ፊት ወንበር አስይዣለሁ፣ ወልቂጤ ሲቆም ወርጄ እራመዳለሁ። ያቺ የምትሰምጥ ሶፋሽ ላይ ግን አታስቀምጪኝ፣ ደረቅ ወንበር አዘጋጂልኝ። ቅዳሜ ከሆነ ደሞ ሰፈርሽ ያለ ጂም ጠይቀሽ ቆዪኝ፣ አብረን እንሄዳለን፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሰሽ የምትውይው ነገር እኔንም ያሳስበኛል፣ የመጥረጊያውን እንጨት ነገር ራሴ አሳይሻለሁ። እናትሽ የተቆላ ቡና ታስይዘኛለች።

አባትሽ፣ ከጅማ