ዘይቱ ተቀይሮ መብራቱ ለምን በራ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው አንድ ቅሬታ ስለደረሰን ነው። ቅሬታው ተገቢ ነው። አንድ ደንበኛችን ዘይትና ፊልትሮ ቀይረንላቸው ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመሩ። ጫጫን አልፈው ሸኖ ሳይደርሱ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። ደነገጡ። መኪናውን ዳር አቁመው ደወሉልን፤ ከዚያም መንገዳቸውን ትተው ተመለሱ። ኮፈኑን ከፍተን ስናይ ዘይቱ ልክ ነው፣ ንጹሕም ነው። እኛ የረሳነው የሰርቪስ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መመለስ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው። እሳቸውን ይቅርታ ጠይቀናል። በዚህ አጋጣሚ ነገሩን ለሁላችሁም ብናስረዳ ይሻላል ብለን አሰብን።

የሰርቪስ መብራት ዘይቱን አያይም። ብዙዎቹ መኪኖች ላይ ያለው ኪሎ ሜትር ብቻ የሚቆጥር ነገር ነው። ለምሳሌ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች 5,000 ማይል ሲሞላ፣ ማለትም ወደ 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያበሩታል። ዘይቱ ትናንት ይቀየር፣ ዓምና ይቀየር አያውቅም። አዳዲሶቹ መኪኖች የሞተሩን ሙቀትና አነዳዱን ጭምር ያሰላሉ። እነሱም ቢሆኑ ሰው ካልነገራቸው ዘይቱ መቀየሩን አያውቁም። ስለዚህ ዘይት የቀየረ ሰው ቆጣሪውንም ዜሮ ማድረግ አለበት። ካላደረገ መብራቱ በድሮው ሒሳብ ይበራል፤ የደንበኛችን ነገር እንደዚያ ነው የሆነው።

ሌላም ነገር አለ። 8,000 ኪሎ ሜትር የተባለው ለደህና አስፋልት ነው። እዚህ አካባቢ ዳገት አለ፣ አቧራ አለ። ጠዋት በውርጭ ያስነሱት ሞተር ሳይሞቅ ገበያ ደርሶ ይጠፋል። እኛ ለተራ ዘይት 5,000 ኪሎ ሜትር የምንለው ለዚህ ነው። የሚቀጥለውን ሰርቪስ ኪሎ ሜትር ጽፈን የምንሰጣችሁን ካርድ ከመብራቱ አስቀድሙ።

ቆጣሪውን ራሳችሁ መመለስ ለምትፈልጉ አሠራሩ ቀላል ነው። በቁልፍ የሚነሱ የቆዩ ቶዮታዎች ላይ፣ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ኦን አድርጉ። የኪሎ ሜትር ማሳያውን በአንዳንዱ መኪና ትሪፕ ኤ (የአንድ ጉዞ ቆጣሪ) ላይ፣ በአንዳንዱ ኦዶ (መኪናው በጠቅላላ የሄደው) ላይ አቁሙት። ቁልፉን አጥፉ። አሁን የትሪፕ ቁልፏን ተጭናችሁ ሳትለቁ መልሳችሁ ኦን አድርጉ። ማሳያው ላይ ሰረዞች ወይም ዜሮዎች ይመጣሉ፤ መብራቱም ይጠፋል። እስኪጠፋ እጃችሁን አታንሱ። በአዝራር የሚነሳ ከሆነ ፍሬን ሳትረግጡ አዝራሩን ሁለቴ መጫን ኦን ያደርገዋል። አዳዲሶቹ ላይ ደግሞ መሪው ላይ ባሉት ቁልፎች ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ነው። መብራቱ የሌላቸው መኪኖችም ብዙ ናቸው፤ መኪናው እንደተሠራበት ገበያ ይለያያል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ናፍጣ ሃይሉክስና ሃይኤስ የምትነዱ፣ ይህችን ክፍል እባካችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቧት። ዲ-ፎር-ዲ የሚባሉት 2.5 እና 3.0 ሊትር ሞተሮች የታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም ፒስተንና ቫልቭ ጊዜያቸውን ጠብቀው እንዲሠሩ የሚያደርግ ቺንጋ፣ አላቸው። ዳሽቦርዱ ላይም “ቲ-ቤልት” የሚል መብራት አለ። እንደ መኪናው በ100,000 ወይም በ150,000 ኪሎ ሜትር ይበራል። ይህም ቆጣሪ ነው። ቺንጋው መሰንጠቁን አያይም። ቺንጋው ሞተሩ እየሠራ ከተበጠሰ ግን ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታል። ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ቺንጋ ዋጋ አይሆንም፤ ሞተር ስለማውረድ ነው።

ከመንዝ በኩል ተጎትቶ የመጣ አንድ ሃይሉክስ አይተናል። ባለቤቱ የገዙት ያገለገለ ነው። ሲገዙ ዳሽቦርዱ ላይ አንድም መብራት አልነበረም። “ንጹሕ መኪና” ተብለው ነው የከፈሉት። ስንከፍተው የተበጠሰው ቺንጋ ያረጀ፣ ጥርሱ የተበላ ነበር። አንድ ሰው ቺንጋውን ሳይቀይር መብራቱን ብቻ አጥፍቶታል። እኚህ አባወራ እህል ሸጠው፣ ከዘመድ ተበድረው ነው መኪናዋን የገዙት። ያን ቀን ጋራዡ ውስጥ ቆመው ያዩንን አስተያየት እስካሁን አልረሳነውም።

ስለዚህ ቺንጋው ካልተቀየረ ይህን መብራት አናጠፋም። ደንበኛ ቢለምነንም፣ “ልሸጠው ነው፣ አጥፉልኝ” ቢለንም አናደርገውም። የዚህን መብራት አጠፋፍ እዚህ ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው።

ያገለገለ መኪና የምትገዙ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ኦን ሲሆን የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ለአፍታ መብራት አለባቸው። የቼክ ኢንጅን (የሞተር ብልሽት) ምልክት ያኔ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሏል ወይም ተሸፍኗል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ስለ ቼክ ኢንጅን ካነሳን፣ ባትሪ ነቅሎ መልሶ መግጠም እንደ ሕክምና ተለምዷል። እውነት ነው፣ መብራቱ ይጠፋል። ነገር ግን የመኪናው ኮምፒዩተር የመዘገበው የብልሽት ኮድ አብሮ ይሰረዛል። ችግሩ ሲፈጠር ሞተሩ በምን ፍጥነትና በምን ሙቀት ላይ እንደነበር የያዘውም መረጃ ይሄዳል። እኛ ብልሽቱን የምናገኘው በዚያ ነው። ብልሽቱ ካለ መብራቱ ተመልሶ ይበራል፤ እናንተም ሁለት ጊዜ ትመላለሳላችሁ። እባካችሁ ከነመብራቱ አምጡት። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ሞተሩ በትክክል እየተኮሰ አይደለም ማለት ነው። ነዳጅ ረግጣችሁ አትሂዱ፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊቲኩን፣ ማለትም ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ፣ ያቃጥለዋል።

ናፍጣ መኪና ላይ የነዳጅ ፊልትሮ ምልክት ሲበራ ብዙ ጊዜ ውኃ ተጠራቅሟል ማለት ነው። በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ ይህን ያመጣል። ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ላላ አድርጎ፣ በእጅ ፓምፑ እየገፉ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ማፍሰስ ነው። ውኃው ሲወጣ መብራቱ በራሱ ይጠፋል።

ቀይ መብራት ሲበራ ሪሴት (ወደ ዜሮ መመለስ) የሚባል ነገር የለም። የዘይት ጣሳው ምልክት በቀይ ከበራ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ፤ “እስከ ጋራዡ ድረስ” አትበሉ። ይህ ምልክት ከሰርቪስ መብራቱ ጋር አይገናኝም። ይኸኛው የዘይት ግፊት ጠፋ ነው የሚለው። የፍሬን ቀይ መብራት እጅ ፍሬን ተለቅቆም ካልጠፋ የፍሬን ዘይቱ ጎድሏል፣ ምናልባትም ሸራው አልቋል። ዘይት ጨምሮ መሄድ መፍትሔ አይደለም። ከጣርማ በር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ወደ ደብረ ሲና የምትወርዱ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፍሬኑ ደህና ሲሆንም ያን ቁልቁለት ከባድ ማርሽ ይዛችሁ ውረዱ።

በዚህ ብርድ ብዙ ሰው የሚጠይቀን ሰማያዊው መብራት ግን አያስጨንቃችሁ። ቪትዝና መሰሎቹ ላይ ሞተሩ ገና አልሞቀም የሚል ምልክት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ላይ ቆየት ይላል። እስኪጠፋ ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ በቃ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ሳይጠፋ ከቀረ አሳዩን።

የጎማ ንፋስ ምልክቱም የብርድ ወዳጅ ነው። የፈረስ ኮቴ በሚመስል ቅርጽ ውስጥ ቃለ አጋኖ ያለበት ነው። ሙቀት በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ የጎማ ግፊት 1 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ ነው) ያህል ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ ሸዋ ሮቢት ላይ ጎማው እንደጋለ ያስሞላ ሰው ደብረ ብርሃን አድሮ ጠዋት መብራቱ ቢበራበት አይገርምም። ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ጎሚስታ ጋ አስለኩ። ልኩ የሾፌሩ በር ቋሚ ላይ ተለጥፏል። ሪሴት ቁልፉ ያለበት መኪና ከሆነ ከተሞላ በኋላ ነው የሚጫኑት፤ ምልክቱ ሦስት ጊዜ ብልጭ እስኪል ተጭኖ መያዝ ነው። ጎማው ጎድሎ ሳለ ከተጫናችሁት መኪናው የጎደለውን ልክ አድርጎ ይይዘዋል።

ከዚህ ደብዳቤ ጀምሮ ሥራችንን እንዲህ አስተካክለናል። ዘይት በቀየርን ቁጥር ቆጣሪውን እናንተ ቆማችሁ እያያችሁ ዜሮ እናደርጋለን። ካርዳችሁ ላይ የዛሬውን ኪሎ ሜትር፣ የሚቀጥለውን፣ ቆጣሪው መመለሱንም እንጽፋለን። ቺንጋ ከተቀየረ ለብቻው ይጻፋል፤ አሮጌው ቺንጋም ለእናንተ ይሰጣል። ባለፉት ወራት እኛ ጋ ዘይት ቀይራችሁ ቆጣሪው ያልተመለሰላችሁ ካላችሁ በፈለጋችሁት ቀን ብቅ በሉ። ሁለት ደቂቃ ነው፣ አናስከፍልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ሠራተኞች