ወደ ላስታ የሚሄድ ሰው ሰዓቱን ይወቅ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዓል በመጣ ቁጥር ስለ ላሊበላ የሚወጡ የጉዞ ጽሑፎች የቦታውን ውበት ይነግሩናል፤ የሚያጎድሉት ሰዓቱን ነው። ወሎ የገባ እንግዳ መቼ የት መገኘት እንዳለበት ካልተነገረው አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት በግማሽ ቀን ሮጦ ይጨርስና ሥዕሉን ሳያይ ይመለሳል። ይህ ያሳዝናል። በሚቀጥለው የጉዞ ዓምዳችሁ የሚከተለው ቢካተት መልካም ነው እንላለን።

አብያተ ክርስቲያናቱ ለጎብኚ ክፍት የሚሆኑት ጠዋት ከ2 እስከ 6 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ከ8 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማምሻው ነው። ይህን አስጎብኚ ሁሉ ይናገራል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን በጾም ቀን ቅዳሴው ወደ ቀትር መገፋቱ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከቀትር በኋላ የመጣ ሰው ቅዳሴው እስኪፈጸም ደጅ ይቆማል። ለሥዕል ብሎ የሚመጣ እንግዳ ከጾም ወራት ውጭ ማክሰኞን ወይም ሐሙስን ከቀትር በኋላ ቢይዝ ይሻለዋል።

ከቀትር በኋላ የምንልበት ምክንያት አለን። መቅደሱ በምሥራቅ በኩል ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ የምታርፈው ጎብኚ በማይገባበት ወገን ነው። የምዕራቡ በር ብርሃን የሚያገኘው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ይሁንና ቤተ መቅደሶቹ ወደ ታች ተፈልፍለው የወጡ ስለሆኑ ፀሐይዋ በጣም ዝቅ ስትል የጉድጓዱ ግድግዳ ይጋርዳታል። ስለዚህ ደህናው ጊዜ ከ8 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ግድም ነው። በቤተ ማርያም ላይ የተተከለው የዝናብ መከላከያ ጣራም ብርሃኑን ይቀንሰዋል።

ቤተ ማርያም እንደገባችሁ ወዲያው ስልክ አታብሩ። አሥር ደቂቃ ቁሙ፤ ዓይን ጨለማውን ሲለምድ በቅስቶቹና በጣራው ላይ ያሉት ሐረጎችና እንስሳት አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። መብራት ካስፈለገ ከጎን፣ ራቅ ብሎ ይያዝ። ፊት ለፊት የሚለቀቅ ፍላሽ ሥዕሉን ነጭ አድርጎ ከማጥፋት በቀር ምንም አያሳይም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አለመነካካት ነው። ቀለሙ የተቀባው በደረቀ ልስን ላይ ስለሆነ ከግድግዳው ጋር አልተዋሐደም፤ የጀርባ ሻንጣ አንዴ ከታከከው ብናኝ ሆኖ ይነሳል፣ የተነሳውም አይመለስም። ሻንጣችሁን ደጅ ለጫማ ጠባቂው ተዉት። በጨርቅ የተሸፈነውን ዓምድም እንግዳ አይገልጠውም።

ሥዕል ወዳድ ከከተማው መውጣት አለበት። ገነተ ማርያም በአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን የተሣለ የግድግዳ ሥዕል አላት፤ ንጉሡም ራሳቸው ተሥለውባታል። ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ አርባ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከመኪና ወርዶ በጥዱ መካከል ጥቂት ሽቅብ ይኬዳል። ዋሻ ውስጥ በእንጨትና በነጭ ልስን ንብርብር የተሠራ ነው፤ ጣራውን ለማየት አንገት እስኪያም ማንጋጠጥ ይገባል። በዋሻው አፍ በኋላ ዘመን የተገነባው ግንብ ስለሚያጨልመው ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱን በአንድ ቀን ለማዳረስ መሞከር አንዱንም አለማየት ነው።

የገና ጨዋታ ለማየት የሚመጣ ሰው ቀኑን ያረጋግጥ፤ በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቢሆንም በዘመነ ዮሐንስ 28 ይውላል። ጠዋት ማሜ ጋራ ላይ ቤዛ ኩሉ የሚባለው የካህናት ዝማሬ ነው፤ ለዚህ ገና ሳይነጋ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። ጨዋታው ከቀትር በኋላ ነው። ሜዳው መስመር የለውም፤ ተጫዋቹ ሩሯን፣ ማለትም ኳሷን፣ ተከትሎ ተመልካች መሐል ይገባል። ዱላው ቆልማማ ነው፣ ሩሯም ቁርጭምጭሚት ትሰብራለች። ከሜዳው ከፍ ካለ ተረተር ላይ ቁሙ፣ ሕፃናትን ከፊት አታቁሙ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለተመልካችም ነው።

የእግር ጉዞው ተራራ ላይ ወዳለው አሸተን ማርያም ገዳም ይሁን። መንገዱ ከከተማው ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ሽቅቡ ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሡ፤ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ፀሐዩ ከገደሉ ላይ ይጋረፋል። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ ያዙ። በቅሎ የሚከራይ ሰው ዳገቱ ላይ ይቀመጥ፣ ድንጋያማው ቁልቁለት ላይ ግን ይውረድ፤ ሰው የሚወድቀው ሲመለስ ነው። ከኮምቦልቻ ወይም ከቆላ በመጡበት ቀን ማግስት መውጣት ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል፣ መጀመሪያ አንድ ሙሉ ቀን ላሊበላ ዋሉ። አቡነ ዮሴፍ ድረስ መዝለቅ የሚፈልግ ተራራው ከ4,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ወፍራም ልብስ ይዞ ላይ ማደር አለበት፤ ጅብራውን፣ ጭላዳውንና ዕድል ከቀናው ቀይ ቀበሮውን የሚያገኘው እዚያ ነው።

ጫማ አውልቆ ምንጣፍ ላይ የሚቆም ሰው ረጅም ካልሲ ያድርግ፣ ቁንጫ አለ። ከመነሳት በፊት ደግሞ የመንገዱን ሰላም በዚያው ሳምንት ካለፈ ሹፌር መጠየቅ ነው፤ ካለፈው ወር የሰማችሁት አይበቃም።

አንባቢዎቻችሁ
ከላሊበላ